ከዝርዝሩ የተረሳው ቁጥርና የገጠሩ ቄስ

ጎባ ላይ ሳስተምር፣ ልጆች ከየቤታቸው ጥቂት ባቄላ ይዘው እንዲመጡ አዝ ነበር። 12 ፍሬ ባቄላ አራት አራት ሆኖ በ3 ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ሆኖ በ2 ረድፍ ይሰለፋል። 13 ፍሬ ግን ምንም ቢደረግ እኩል ረድፍ አይወጣውም፤ ወይ ይተርፋል፣ ወይ ይጎድላል። እንዲህ ያለው፣ ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ቁጥር፣ ብቸኛ ቁጥር ይባላል። የታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ፍለጋ ላወራላቸው ስጀምር አንድ ተማሪ፣ «እንዲህ ያለውን ነገር ትልቅ ከተማ ያሉ ሊቃውንት ይሥሩት እንጂ እኛ ከዚህ ከብርዱ አገር ምን አገባን?» አለኝ። መልሴ የአንድ የሩሲያ የገጠር ቄስ ታሪክ ነበር።

ቁጥር የሚመረምር ቄስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በባሕረ ሐሳባችን የ19 ዓመቱ ንዑስ ቀመርና የ28 ዓመቱ ዐውደ ፀሐይ አብረው የሚገጥሙት 532 ዓመት ሲሞላ ነው። 19 ብቸኛ ቁጥር ስለ ሆነ፣ 28ም የእርሱ ብዜት ስላይደለ፣ ከዚያ በፊት አይገናኙም።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1644 ሜርሴን የተባሉ ፈረንሳዊ መነኩሴ አንድ ዝርዝር አሳተሙ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ 2ን አምስት ጊዜ ጽፈን ብናባዛው 32 ይሆናል፤ 1 ሲቀነስ 31፣ እርሱም ብቸኛ ነው። 2ን 11 ጊዜ ጽፈን አባዝተን 1 ብንቀንስ ግን 2,047 ይሆናል፤ ይህም 23 በ89 ተባዝቶ የሚገኝ ነው። መነኩሴው እስከ 257 ድረስ ብቸኛ ቁጥር የሚያስገኙትን ሲዘረዝሩ 67ን አስገቡ፣ 61ን ግን ተዉት። ዝርዝሩም የታላቅ ሰው ሥራ ነውና ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ኖረ።

ቄስ ኢቫን ሚኬየቪች ፔርቩሺን በ1827 በፔርም ግዛት ተወለዱ። በካዛን የመንፈሳዊ ትምህርት አካዳሚ ተምረው በ1852 ከጨረሱ በኋላ ክህነት ተቀበሉ፤ ዛማራየቮ በተባለች መንደርም ረዥም ዘመን አገለገሉ። በዚያችው መንደር በ1860 የገጠር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ቀኑ ለቤተ ክርስቲያንና ለልጆቹ ነበር፤ ቁጥሩ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ነው። በ1877ና በ1878 ለሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ሁለት ግኝቶች ላኩ። ከሁለቱ አንደኛው ከ2.5 ሚሊዮን በላይ አኀዝ ያለው ቁጥር በ167,772,161 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል የሚያስረዳ ነበር። ያን ቁጥር በሙሉ ለመጻፍ አንድ ሺሕ ገጽ ያህል መጽሐፍ በፈጀ ነበር፤ ነገር ግን በየርምጃው እያካፈሉ ቀሪውን ብቻ መያዝ ይበቃል።

በ1883 ደግሞ መነኩሴው የተዉትን 61ን አነሡ። 2ን 61 ጊዜ ጽፈው አባዝተው 1 ሲቀንሱ 2,305,843,009,213,693,951 ይሆናል፤ ቄሱም ይህ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አረጋገጡ። እስከ 1.5 ቢሊዮን ድረስ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ እያንዳንዱን በአንድ ደቂቃ እናካፍልበት ቢባል፣ ሌሊትና ቀን ሳያርፉ ከ2,800 ዓመት በላይ ይፈጃል። ለዚህ ነው ብልሃት ያስፈለገው። ሉካስ የተባለ ፈረንሳዊ የጀመረውና በኋላ በ1930 አሜሪካዊው ሌህመር ያቃናው ብልሃት ተማሪም ሊሠራው የሚችል ነው። 31ን እንፈትን፦ ከ4 ተነሣ፤ በራሱ አባዝተህ 2 ቀንስ፣ 14። እንደገና፣ 194፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8 ነው። እንደገና፣ 62፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪ የለውም። ከ5 በ2 ያነሰ፣ ማለት ሦስት ርምጃ ተደርጎ ቀሪው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። በዚሁ መንገድ ለ61 የሚያስፈልገው 59 ርምጃ ነው፤ ነገር ግን የሚባዙት ቁጥሮች እስከ 19 አኀዝ የሚደርሱ ናቸው፣ አንዲት አኀዝ ከተሳተች ደግሞ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

አንዳንዶች መነኩሴውን ለማዳን፣ «61 ሊሉ አስበው አታሚው 67 አድርጎባቸው ይሆናል» ብለዋል። ተማሪም ስሕተት ሲገኝበት «ብዕሬ ስቶ ነው» ይላል! ደግሞስ 89ና 107ም ከዝርዝሩ ቀርተው ነበር፤ እነዚህን በ1911ና በ1914 ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ አገኛቸው። 257ም ያለ ቦታው የገባ ሆኖ ተገኘ። 67ንም ሉካስ በ1876 ብቸኛ እንዳልሆነ አሳይቶ ነበር፤ አካፋዮቹን ግን አላገኘም። በ1903 ኮል የተባሉ ፕሮፌሰር በኒው ዮርክ ጉባኤ ፊት 193,707,721ን በ761,838,257,287 በሰሌዳ ላይ አባዝተው ያንኑ ቁጥር አወጡ። አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፣ ጉባኤውም አጨበጨበ ተብሎ ይተረካል።

ለቄሱ ያጨበጨበ ጉባኤ እንደ ነበረ አልሰማሁም። ወደ ሻድሪንስክ ከተማ ከተዛወሩ በኋላ በአካባቢው ሹማምንት ላይ የሚሣለቅ ጽሑፍ ስላሳተሙ፣ መኾንስኮየ ወደምትባል መንደር በቅጣት ተላኩ፤ በ1900ም በዚያው ዐረፉ። ቁጥራቸው እስከ 1911 ድረስ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ በትልቅነት ሁለተኛ ነበር።

ዛሬ ይህን ፈተና ኮምፒውተር በዐይን ጥቅሻ ይፈጽመዋል። ከ1996 ጀምሮ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች ኮምፒውተሮቻቸውን አስተባብረው እየፈለጉ፣ በ2024 የ41,024,320 አኀዝ ብቸኛ ቁጥር አገኙ። በስልክ ገንዘብ ስንልክ ምስጢራችንን ከሚጠብቁት ዘዴዎች አንዳንዶቹ የቆሙት በብዙ መቶ አኀዝ በሚጻፉ ብቸኛ ቁጥሮች ላይ ነው። ቄሱ ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

ያን ዕለት 19ኙን አኀዝ በሰሌዳው ላይ ጽፌ ዘወር ስል፣ ጠያቂው ልጅ ቆሞ እየቆጠራቸው ነበር። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ በእጃቸው ነው የሠሩት?» አለኝ። ከዚያ ባቄላውን ወደ ጎን ገፍቶ ደብተሩን ከፈተና 7 ጊዜ ከተባዛው 2 ጀመረ።