ሞያሌ ላይ የሚቀየረው ስፖኪዮ

ኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የምትነዳው፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ዞረች። ኬንያ በእንግሊዝ ዘመን የያዘችውን ግራ እስከ ዛሬ አልለቀቀችም። ስለዚህ ሞያሌን ስትሻገሩ መንገዱ ይገለበጣል፣ መሪያችሁ ግን ባለበት ይቀራል።

የኛ ሹፌር ኬንያ ሲገባ የሚቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ነው። ደርቦ የሚያልፈው መኪና በቀኝ፣ በረዳቱ በኩል ይመጣል። አገር ቤት ብዙም ልብ የማይባለው የቀኝ ስፖኪዮ እዚያ ዋናው ይሆናል፤ የተሳቢው ጎን በጠርዙ ብቻ እንዲታይ፣ ቀሪው መስታወት መንገዱን እንዲያሳይ ወደ ውጭ ይገፋል። ያም ሆኖ ከበሩ ሥር የተጠጋች ትንሽ መኪና እዚያ ውስጥ አትገባም።

መስታወቱ ራሱ የረዳት ምትክ ነበር። በ1911 እ.ኤ.አ. በኢንዲያናፖሊስ ውድድር ሌሎቹ ወደ ኋላ የሚያይላቸው መካኒክ ሲጭኑ፣ ሬይ ሃሩን ብቻውን መስታወት ገጥሞ ገባ፤ አሸነፈም። (በኋላ ግን በጡቡ መንገድ ንዝረት ምንም እንዳላየበት ተናግሯል።)

ከሞያሌ ወዲያ ረዳቱ መተኛት የለበትም። ሹፌሩ ደርቦ ለማለፍ ሲፈልግ ከፊት የሚመጣውን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው፤ «ቆይ» ወይም «ሂድ» የሚለውም እሱ።