የማይታየውን ጋዝ ፍለጋ

የመኪና አየር ማቀዝቀዣ ታሪክ ሲወሳ በአብዛኛው የሚነገረው ስለ ምቾቱ ነው። የባለሙያው ታሪክ ግን ሌላ ነው፤ ሾልኮ የሚያመልጥን ጋዝ ለማግኘት የተደረገ ረጅም ፍለጋ ነው።

ከ1930 በፊት (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለማቀዝቀዣ ያገለግሉ የነበሩት አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ መርዛሞች ቢሆኑም በሚሰነፍጥ ሽታቸው ራሳቸውን ያጋልጡ ነበር። በ1928 ቶማስ ሚጅሊና ባልደረቦቹ በኋላ ፍሪዮን 12 የተባለውን ጋዝ አዘጋጁ። ሚጅሊ በ1930 በአትላንታ ከተማ በአሜሪካ የኬሚስትሪ ማኅበር ጉባኤ ፊት ጋዙን ወደ ውስጥ ስቦ በሻማ ላይ ተነፈሰው፤ ሻማውም ጠፋ። ጋዙ እንደማይመርዝና እንደማይቀጣጠል በዚህ ታየ። ሽታ ስለሌለው ግን የባለሙያው አፍንጫ ከሥራ ውጭ ሆነ።

ፓካርድ ለ1940 ሞዴል መኪናዎቹ ከፋብሪካ የተገጠመ ማቀዝቀዣ ሲያቀርብ ችግሩ ከፋ። የቤት ማቀዝቀዣ ሞተርና ኮምፕሬሰር በአንድ ጣሳ ውስጥ ሊታሸጉ ይችላሉ። የመኪናው ኮምፕሬሰር ግን በቺንጋ ስለሚዞር ዘንጉ ከአካሉ ውጭ መውጣት ነበረበት፤ ሞተሩ ስለሚንቀጠቀጥም የጎማ ቱቦ አስፈለገ። በአሮጌ መኪና ጋዝ ብዙውን ጊዜ የሚያመልጠው በዘንጉ ማሸጊያ፣ በቱቦዎቹና በመጋጠሚያዎቹ በኩል ነው።

ለፍለጋውም ነበልባል ተመረጠ። የመፈተሻው ፋኖስ በቀጭን ቱቦ አየር እየሳበ በጋለ መዳብ ላይ ያሳልፋል፤ በአየሩ ውስጥ ክሎሪን ያለበት ጋዝ ካለ ነበልባሉ አረንጓዴ፣ ሲበዛም ሰማያዊ ይሆናል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቱቦው ከመጋጠሚያው በታች ይያዛል። ዘዴው ግን አደጋ ነበረበት፤ ፍሪዮን በነበልባል ሲቃጠል ፎስጂን የተባለ መርዝ ሊወጣው ይችላል።

በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ ይኸው ክሎሪን የኦዞንን ንብርብር እንደሚጎዳ አስጠነቀቁ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ፍሳሹን ለዓይን ያጋለጠውና ሰማይን የጎዳው አንድ ንጥረ ነገር ነበር። በ1990ዎቹ የተተካው አር 134ኤ ክሎሪን ስለሌለው አሮጌው ፋኖስ ምንም አላሳይ አለ፤ ስለዚህም የኤሌክትሮኒክ መፈተሻና በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያበራ ቀለም ቦታውን ያዙ። አዲሱም ጋዝ ቢሆን ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ይበረታል።

መሣሪያው ሁሉ ሲለዋወጥ አንድ ምልክት አልተለወጠም። ጋዝ ሲወጣ የኮምፕሬሰሩን ዘይት ይዞ ይወጣል፤ በዘይቱም ላይ አቧራ ይለጠፋል። በመጋጠሚያ ላይ የታየ ጥቁር ቅባት ከማንኛውም ፍተሻ በፊት ሊመረመር ይገባዋል። ቀዳዳውን ሳያገኝ ጋዝ የሚሞላ ባለሙያ መኪናውን አልጠገነም፤ ዘይቱ እየጎደለ ኮምፕሬሰሩ እንዲነክስ፣ ጋዙም ዳግመኛ ወደ ሰማይ እንዲወጣ ቀጠሮ ሰጠ እንጂ።