የጎደላት የሚሰማት ሰው ነበር

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1961 ነው፤ ቦታው ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ። ጂን ኒዴች አርባን ልትደፍን ጥቂት ዓመታት የቀሯት፣ 97 ኪሎ የምትመዝን የቤት እመቤት ነበረች። አንዲት የምታውቃት ሴት ገበያ ላይ «መቼ ነው የምትወልጂው?» አለቻት። እርጉዝ አልነበረችም።

የከተማው ጤና ቢሮ ክሊኒክ የአመጋገብ መመሪያ በነፃ ሰጣት። ተደብቃ ብስኩት መብላቷን ግን እዚያ መናገር አፈረች። ስድስት ጓደኞቿን ቤቷ ጠርታ ነገረቻቸው፤ እነሱም የየራሳቸውን ተናዘዙ። በዓመቱ 64 ኪሎ ገባች፤ በ1963 «ዌይት ዋቸርስ»ን ከአጋሮቿ ጋር መሠረተች። በ1978 ኩባንያውን የገዛው ኬቻፕ ሻጩ ሄንዝ ነው።

ዛሬም በዚህ ዕድሜ የወፈረችን ሴት «አፍሽን ያዢ» እንላታለን። ጂን መመሪያው በእጇ ነበር። የጎደላት ሳይፈርድ የሚሰማት ሰው ነበር።