ዶፓሚን ዓይናችን ውስጥ ምን ይሠራል?

"ዶፓሚን" ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው አንድ ነገር ነው፦ የደስታ ኬሚካል። ስልክ ስንነካካ ይለቀቃል፣ አንዳንዶችም "ጹሙት" ይሉናል። ይህ ኬሚካል ግን ዓይናችን ውስጥም ሥራ አለው። ሥራው እንዴት እንደታወቀ ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ስፔናዊው ራሞን ኢ ካሃል የሬቲናን የነርቭ ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ እያየ በእጁ ሣላቸው። ሬቲና ማለት በዓይናችን ኳስ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። የተጠቀመበት የጎልጂ ቀለም ግን ቅርጽን እንጂ ሕዋሱ የሚያመነጨውን ኬሚካል አያሳይም።

ዶፓሚንም ቢሆን ለረጅም ጊዜ የሌላ ኬሚካል መሸጋገሪያ ብቻ ይመስል ነበር። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ሬሰርፒን በተባለ መድኃኒት የደነዘዙ ጥንቸሎችን ኤል-ዶፓ ወግቶ አነቃቸው። ኤል-ዶፓ ሰውነት ዶፓሚን የሚሠራበት ንጥረ ነገር ነው። ካርልሰን በ2000 ኖቤል ተሸለመ።

በ1962 ደግሞ የአገሩ ልጆች ፋልክና ሂላርፕ አዲስ ዘዴ አወጡ። የደረቀ የአካል ቁራጭ በፎርማልዲሃይድ ትነት ሲታጠን፣ ዶፓሚን ያለበት ሕዋስ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። በዓመቱ እነዚህ ሕዋሳት በጥንቸል ሬቲና ውስጥ ታዩ፤ ቆይቶም በጦጣ።

ሙሉ ቅርጻቸውን ያወጣው አሜሪካዊው ዴኒስ ዴሲ ነው። በ1990 ባሳተመው ጥናት የማካክ ጦጣን ሕዋሳት አንድ በአንድ ቀለም እየወጋ አሳየን። ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ከእያንዳንዳቸው የሚወጡት ቀጫጭን ክሮች ግን ሚሊሜትሮችን ይጓዛሉ፤ የሬቲናው ውፍረት ራሱ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም! ክሮቹ ስለሚደራረቡ ጥቂቶቹ ሕዋሳት መላውን ሬቲና ያዳርሳሉ። ብርሃን ሲበረታ ዶፓሚን ይለቃሉ፤ ዓይናችንም ከጨለማ አሠራር ወደ ቀን አሠራር እንዲሸጋገር ያግዛሉ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለአንድ ነገር ነው። የፓርኪንሰን በሽታ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳትን ይገድላል። በታማሚዎች ሬቲናም ዶፓሚን ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ፓርኪንሰን ያለባቸው አባት ወይም እናት "መነጽሬን አድርጌም ነገሩ ሁሉ ደብዝዞብኛል" ቢሏችሁ "እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፏቸው። የተቀራረቡ ጥላዎችን መለየት ቸግሯቸው ሊሆን ይችላል። ለሐኪማቸው ንገሩላቸው፤ ቤቱንም ደኅና አድርጋችሁ አብሩላቸው፤ የደረጃውን ጠርዝ በደማቅ ቀለም ቀቡላቸው።