እንግዳ ሥጋ ፍለጋ፦ አለርጂ ላለበት ውሻ የተዘጋጀ ቀለብ ታሪክ

በወንጌል የተጠቀሰችው ከነዓናዊት ሴት ከጌቶች ማዕድ ስለሚወድቀው ፍርፋሪ በተናገረችበት ዘመን የነበረው የውሻ አመጋገብ፣ ይኸውም ከሰው ቤት የተረፈውን በልቶ ማደር፣ በአውሮፓ ታላላቅ ከተሞች ሳይቀር እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ብዙም ሳይለወጥ ቆይቷል። ይህን ጥንታዊ ልማድ መለወጥ የጀመረው የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ሊሸጥ ከአሜሪካ ወደ ለንደን የተሻገረው ጄምስ ስፕራት ነው። በወደቡ ላይ ውሾች መርከበኞች የጣሉትን ደረቅ ብስኩት ሲሻሙ አይቶ እንደ ተነሣሣ ይተረካል፤ ከስንዴ ዱቄት፣ ከቀይ ሥር፣ ከአትክልትና ከደረቀ የከብት ሥጋ አስጋግሮም በ1860ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የውሻ ብስኩት ለገበያ አወጣ። ንግዱ እጅግ ከመስፋቱ የተነሣ በወጣትነቱ በዚያው ቤት ተቀጥሮ ያደገው ቻርልስ ክራፍት በ1891 በስሙ የሚጠራውን ታላቅ የውሾች ትርኢት በለንደን እስከ መመሥረት ደረሰ።

በ1922 ኬን ኤል ራሽን የተባለው በቆርቆሮ የታሸገ የፈረስ ሥጋ በአሜሪካ ተሸጠ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆርቆሮ ለጦር መሣሪያ ሲፈለግ ደረቁ ቀለብ ቦታውን ወሰደ፤ በ1957ም ፑሪና የተባለው ድርጅት ሊጡን በእንፋሎትና በኃይል በቀዳዳ አስጨምቆ የሚያደርቀውን አሠራር ለውሻ ምግብ አዋለው። ከዚህ በኋላ የውሻ ሕይወት ከቀድሞው ተለየ፤ ዛሬ የአጥንት መረቅ፣ ነገ የዳቦ ቁራሽ፣ ከነገ ወዲያ የሾርባ አተላ ይበላ የነበረው እንስሳ፣ ከእናቱ ጡት ከተለየበት ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ከአንድ ዓይነት ከረጢት አንድ ዓይነት መብል የሚሰፈርለት ሆነ። ይህ ለባለቤቱ ታላቅ ዕረፍት ነበር፤ ለብዙው ውሻም ጤና ሰጠ፤ ለጥቂቶቹ ግን የማያቋርጥ ሥቃይ ሆነባቸው።

ሥቃዩን በቅርብ ያየ ሰው አይረሳውም። ውሻው ሌሊቱን ሙሉ የእግሩን ጣቶች እየላሰ ጠጉሩን በምራቁ ያቀላዋል፤ የጆሮው ውስጥ ይቆስልና ይሸታል፤ በብብቱና በሆዱ ሥር ያለው ቆዳ ተመልጦ ይጠቁራል፤ ይህም ሁሉ በክረምትም በበጋም ወቅት ሳይለይ ይቆያል። ሰውነት ራሱን ሊጠብቅበት በተሰጠው ኃይል ራሱን እንደሚጎዳ ለዓለም የመሰከረውም ራሱ ውሻ መሆኑ ልብን ይነካል፤ ተመራማሪዎቹ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲየ በ1902 ኔፕቱን ለተባለው ውሻ አበባ ከሚመስል የባሕር እንስሳ የተወሰደ ጥቂት መርዝ ወግተውት አንዳች ሳይሆን ቆይቶ፣ ከ22 ቀን በኋላ ያንኑ ልክ ቢደግሙት በ25 ደቂቃ ውስጥ ሞተ። ሪሼ ስለዚህ ምርምሩ በ1913 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። የቆዳው ማሳከክ ከዚህ ድንገተኛ ሞት እጅግ የዘገየና የተለየ ቢሆንም፣ ሰውነት አስቀድሞ ያወቀውን ነገር በኋላ እንደ ጠላት መቁጠሩ ለሁለቱም የጋራ ባሕርያቸው ነው።

ምግብን በመለወጥ ሕመምን ማከም የሚለው አሳብ ወደ ውሻ ቀለብ ንግድ የገባው በእንስሳት ሐኪሞች እጅ ነው። በኒው ጀርሲ ይሠራ የነበረው ማርክ ሞሪስ በ1939 ቡዲ ለተባለ የዓይነ ስውር መሪ ውሻ የኩላሊት ሕመም ልዩ ምግብ አዘጋጀ፤ ፈላጊው ሲበዛም በ1948 በካንሳስ ከሚገኘው የሂል ማሸጊያ ድርጅት ጋር ተዋዋለ። በደቡብ ፈረንሳይ ደግሞ ዣን ካታሪ የተባለው ሐኪም የሚያክማቸው ውሾች የቆዳና የጠጉር ጉዳት ከምግባቸው የመጣ መሆኑን አምኖ በራሱ ጋራዥ ውስጥ ከእህል ቀለብ ይቀቅል ጀመር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተወለደው ሮያል ካኒን የተባለው የቀለብ ድርጅትም የዚያ ድስት ፍሬ ነው።

በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ዋነኛ ትምህርት ያለው በበጉ ነገር ነው። በአሜሪካ የውሻ ቀለብ ውስጥ የበግ ሥጋ ብርቅ ስለነበረ፣ ሐኪሞች የሚያሳክከውን ውሻ በበግና በሩዝ ይፈትኑት ነበር፤ ብዙዎቹም ተሻላቸው። የተሻላቸው በግ ከበሬ ይልቅ ንጹሕ ስለሆነ ሳይሆን ሰውነታቸው ከዚያ በፊት አግኝቶት ስለማያውቅ ብቻ ነበር። ነጋዴው ግን የዳነውን ውሻ አይቶ ‹በግና ሩዝ› የሚል ጽሑፍ በየከረጢቱ አሳተመ፤ ባለቤቶችም ጤነኛውን ቡችላ ሳይቀር በበግ አሳደጉ፤ ስለዚህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጉ የተለመደ ሆኖ የመፈተኛነት ጥቅሙን አጣ። ፍለጋውም ወደ ዳክዬ፣ ወደ ጥንቸል፣ ወደ አጋዘን፣ ከዚያም ወደ አውስትራሊያው ካንጋሮ ተሻገረ፤ እነዚህም በተራቸው በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ሲደረደሩ እንግድነታቸው አለቀ። በ2016 የታተመ፣ በምግብ ምክንያት በሚታመሙ 297 ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት የበሬ ሥጋ 34 በመቶ፣ ወተትና የወተት ውጤት 17፣ ዶሮ 15፣ ስንዴ 13፣ በግ 5 በመቶ የሚሆኑትን እንደ ጎዳ አሳይቷል፤ ይህም ቅደም ተከተል ስለ ሥጋዎቹ ክፋት ከሚናገረው ይልቅ ውሾች ዘወትር ስለሚቀርብላቸው መብል የሚናገረው እንደሚበልጥ ይታመናል።

በዚሁ ዘመን ጥፋቱን ሁሉ በእህል ላይ የመጣል ልማድ ተነሥቶ ነበር፤ እህል የሌለበት ቀለብም እንደ መድኃኒት ተሸጠ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ግን በሐምሌ 2018 እንዲህ ያለውን፣ በተለይም አተርና ምስር የበዛበትን ቀለብ ከበሉ ውሾች መካከል የልብ ሕመም የታየባቸውን እየመረመረ መሆኑን አስታወቀ።

እንግዳ ሥጋ እያለቀ ሲሄድ ሊቃውንት ፕሮቲኑን ራሱን መሰባበር ጀመሩ። የአኩሪ አተር ወይም የዶሮ፣ በኋላም የላባ ፕሮቲን በኢንዛይም እጅግ ወደ አነሰ ቁራጭ ሲከፋፈል፣ የውሻው ሰውነት ያንን የቀድሞ ጠላቱን ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል። ስለ ማሸጊያው ጽሑፍ ግን አጥብቄ ማሳሰብ የምፈልገው አለኝ፤ በ2013 የወጣ አንድ ምርመራ የምግብ አለርጂን ለመፈተን ከሚሸጡ 12 ደረቅ ቀለቦች በ10ሩ ውስጥ በጽሑፉ ላይ ያልተመለከተ የእንስሳ ትራፊ አግኝቷል። በአንድ የማምረቻ መኪና ዛሬ ዶሮ፣ ነገ አጋዘን ሲያልፍ የመጀመሪያው ብናኝ በሁለተኛው ውስጥ ይቀራልና፣ ለከባድ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠውና በጥንቃቄ ተለይቶ የሚሠራው ቀለብ ዋጋው ቢበዛም ይመረጣል።

ምርጫው የሚጸናውም በፈተና ነው። ውሻው እስከዚያ ቀን የበላው ሁሉ፣ ጣፋጭ ሽልማቱና ጣዕም ያለው መድኃኒቱ ሳይቀር ተመዝግቦ፣ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ አንድ ቀለብ ይመረጣል፤ ስምንት ሳምንት ሌላ ምንም ሳይቀምስ እርሱን ብቻ ይበላል፤ በምግብ ከሚታመሙት መካከል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዚህ ጊዜ ውስጥ ይሻላቸዋል። ከዚያም፣ ብዙ ባለቤቶች በርኅራኄ የሚዘሉት ግን ሊዘለል የማይገባው ነገር ይቀራል፤ የቀድሞው ቀለብ ተመልሶ ይሰጠዋል፣ ማሳከኩም በጥቂት ቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተመለሰ ጥፋተኛው ያ ቀለብ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ውሻውም ወዲያው ወደ ተፈተነው ምግቡ ይመለሳል።