ዘግይቶ የተቆፈረ ጓሮ

ለመሆኑ መስቀል ካለፈ በኋላ ዶማ አንሥቶ ጓሮውን መቆፈር የሚጀምር ሰው ምን ይባላል? በምዕራብ ጎጃም ገበሬ ዓይን መልሱ አጭር ነው፤ ዘገየ ይባላል። ከፍኖተ ሰላም (የቀድሞዋ ወጀት ናት፤ ስሟን ያገኘችው ጃንሆይ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ነው) እስከ ቡሬ ባለው አገር ዝናቡ ግንቦት ላይ ይገባና መስከረም ላይ መሳሳት ይጀምራል። የጥቅምቱ ጠብታ እንደ ምርቃት ይቆጠራል። ጎመን ግንቦት ላይ ተዘርቶ ሐምሌና ነሐሴ፣ የጎተራው ወለል በሚታይበት ሰሞን ይበላል። በአውሮፓ የዘገየ አትክልተኛ የሚፈራው ውርጭን ነው፤ የኛው የሚፈራው ውሃ ማለቁን ነው።

ይሁንና ታሪካችንን ስናገላብጥ የዘገየ ጓሮ ሁልጊዜ የሰነፍ ጓሮ ሆኖ አናገኘውም። ክፉ ቀን የተባለውን ዘመን እናስታውስ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የከብት ደስታ በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ፈጀ፤ ድርቁና አንበጣው ተከተለው። በሬ ሲያልቅ ሞፈርና ቀንበር ሥራ ፈቱ። ገበሬው ዘር ቢኖረው እንኳ የሚያርስበት የለውም፤ ጊዜው እያየው አለፈ። አፄ ምኒልክ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ አርአያ የሆኑት በዚህ ዘመን ነበር። ነገሩ ለቤተ መንግሥቱ ትልቅ ወሬ ሆኗል። ለባላገር ሴት ግን ዶማ ምን አዲስ ነገር አለው?

በጎጃም እንደ ሌላው የሰሜን ደጋ ሁሉ በሬና ማረሻ የወንድ፣ ጓሮና መኮትኮቻ ባመዛኙ የሴት ናቸው። የምድጃው አመድ፣ የበረቱ ፍግ፣ የቤቱ ጥራጊ ሁሉ ከቤት ጀርባ ይደፋል። ስለዚህም የአገሩ ቀይ አፈር እዚያች ቁራሽ መሬት ላይ ሲደርስ ጠቁሮ፣ ለስልሶ ይገኛል። እንዲህ ያለ አፈር እርጥበት ይይዛል፤ ዘግይቶ የገባውን ዘር ቶሎ ያነሣል። በሬ አይፈልግም፤ የእጅ ማጠቢያው ውሃ እንኳ ይደርሰዋል። ከማሳው የተረፈ ነገር በጠፋበት ዓመት ሁለተኛው ዕድል ያለው እዚህ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ጤፍና ስለ ግብር ብዙ ሲሉ ስለ ጎመን መደብ ዝም ማለታቸው፣ በእኔ አስተያየት፣ ጎመን የድሀ ምግብ፣ መደቡም የሴት ሥራ ተደርጎ ስለ ታየ ነው።

ድንችም ወደ ጎጃም ሰው ልብ የገባው በዚሁ በር ይመስለኛል። ዊልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ፣ በትግራይ ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን ግዛት የሰጡት፣ ኋላም ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን እስረኞች ጋር መቅደላ የነበረው ሰው፣ ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው ይባላል። ለብዙ ዓመታት ግን ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ሰው ነበር። ተክሉ በሰፊው መያዝ የጀመረው ያ የረሃብ ዘመን ካስተማረ በኋላ ነው። ጎጃሜ ሥራ ሥር መብላት እንግዳው አልነበረም፤ አገር በቀሉን የአገው ድንች ከጥንት ያውቀዋል።

እዚህ ላይ መዘግየት ራሱ ብልሃት የሚሆንበት ነገር አለ። ሐምሌና ነሐሴ፣ ጉሙ ከምድር በማይነሣበት ጊዜ፣ የድንች ቅጠል የሚያጠቁር በሽታ ይነሣል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን አስርቦ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው የፈጀው ይኸው በሽታ ነው። የኛ ደጋ ገበሬዎች የዳኑት ከክረምቱ እየሸሹ ነው፤ ወይ በበልግ ይተክላሉ፣ ወይ ዝናቡ ሲያቆም በቀረው እርጥበትና በመስኖ። ዝናብን የሚቋቋሙ ዝርያዎች የመጡት ኋላ ነው። የአዴቱ ምርምር ማዕከል ያወጣው ዘንገና እና የሆለታው በለጠ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

መዘግየትን ጨርሶ የማይምረው በርበሬ ነው። ክረምቱ ሳይገባ መደብ ላይ ይፈላል፤ ችግኙ በሰኔና በሐምሌ ይዛወራል፤ ከዚያም ቀልቶ፣ ደርቆ እስኪለቀም አራት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቡሬና ጃቢ ጠህናን በበርበሬያቸው የታወቁ ናቸውና ችግኝ ያመለጠው ሰው የዓመቱን ጥሬ ገንዘብ አመለጠው ማለት ነው። የሚገርመው ግን በርበሬ ራሱ ከሁሉ ዘግይቶ ከመጡት እንግዶች አንዱ መሆኑ ነው። ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት ከዚያ ውጭ ያየው አልነበረም። የጥንት አባቶቻችን ወጥ የሚያቃጥለው በጥምዝ፣ በዝንጅብልና በቁንዶ በርበሬ ነበር፤ ቀይ ወጥ የምንለው ቅላቱን ያገኘው ከአምስት መቶ ዓመት ወዲህ ነው።

ታዲያ በጥቅምት ዶማ ያነሣ የከተማ ሰው በርበሬውን ለከርሞ ይተወው። ጎመን በወር ተኩል ገደማ ቅጠሉ መቀጠፍ ይጀምራል፤ ሰላጣና ቆስጣም ቶሎ ይደርሳሉ። ድንች ከሦስት እስከ አራት ወር ይወስዳል፤ ጥቅምት ላይ የተተከለ ጥርና የካቲት ላይ ይቆፈራል ማለት ነው። ውሃው ግን እስከዚያ ድረስ መገኘት አለበት። ወንዝ ዳር ያለው ከመስኖው ያገኛል፤ ሌላው በእንስራም ቢሆን፣ በጄሪካንም ቢሆን ያመላልሳል።