ሰዓቱ አስጠነቀቀ፤ ከዚያስ?

የልብ ምትን በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው መሣሪያ ሲጀመር በእጅ የሚታሰር አልነበረም። ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆፈን በላይደን ከተማ የሠራው ማሽን 270 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የሚያንቀሳቅሱትም አምስት ሰዎች ነበሩ። ታማሚው እጁንና እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ሳይንቲስቱ በዚህ ሥራው የ1924 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ተሸላሚ ሆነ። በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር በጀርባ የሚታዘል 38 ኪሎ መሣሪያ ሠራ። በ2018 ደግሞ አፕል ይኸንኑ ሥራ ወደ እጅ ሰዓት አወረደው።

መሣሪያው ከሆስፒታል ወደ ቤት ሲገባ ሐኪሙ ግን አብሮት አልገባም። የአይንትሆፈንንም የሆልተርንም ውጤት የሚያነበው ባለሙያ ነበር። ሰዓቱ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ "ምትዎ ተዛብቷል" ሲል ግን አንባቢው ታማሚው ብቻ ነው።

በ2024 በአሜሪካ የልብ ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የምት መዛባት ያለባቸውን 172 ሰዎች ተመልክቷል። ሰዓት ከሚያስሩት ከአምስቱ አንዱ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው እንደሚጨነቅ ተናግሯል። ሰዓቱ ነው ያስጨነቃቸው ወይስ ቀድሞም የሚጨነቁት ናቸው ሰዓት የሚያስሩት? ጥናቱ ይህን አይለይም። ሰዓቱ አይጠቅምም ማለትም አይደለም፤ ይህ ሕመም ስትሮክ ስለሚያመጣ ቶሎ መታወቁ ሕይወት ያድናል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ይከብዳል። እዚህ የምት መዛባት ወጣቶችንም ይይዛል፤ አንዱ ትልቅ ምክንያት በልጅነት ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የልብን ቫልቭ መጉዳቱ ነው። ዶ/ር በላይ አበጋዝ በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን የመሠረቱት እንዲህ ያሉ ልጆችን አይተው ነው፤ በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከልም በ2009 ሥራ ጀመረ። ከፃግብጂ የሚነሳ ታማሚ ግን መጀመሪያ ሰቆጣ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ከዚያ ወደ ማዕከሉ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ውጭ አገር ያለ ልጅ ለእናቱ ሰዓት ቢልክላት፣ ሰዓቱ በጮኸ ቁጥር ወዴት ትሂድ?

መልሱ በዚያው ታሪክ ውስጥ አለ። አይንትሆፈን በ1905 የታማሚዎችን የልብ ምት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ከሚርቅ ሆስፒታል በስልክ ሽቦ ወደ ቤተ ሙከራው ያስመጣ ነበር። ምልክቱ የሚሄደው ማንበብ ወደሚችል ሰው ነው። ዛሬ በሰቆጣ የተነሳ የልብ ምርመራ በስልክ ለስፔሻሊስት ይደርሳል፤ የሚያስፈልገው በቋሚነት ተቀብሎ የሚያነብና መልስ የሚሰጥ ሐኪም መመደብ ነው። ሰዓት የሚልክ ዘመድም ሲጮኸ ለማን እንደሚደወል አብሮ ይንገር። ያለዚያ የላከው ጤና ሳይሆን ስጋት ነው።